የሪምፋየር ዒላማ ጠመንጃ መነጽር

የሪምፋየር ዒላማ ጠመንጃ መነጽር በሪምፋየር ጥይት በሚሠራ ጠመንጃ ላይ የሚገጠም፣ ዒላማውን አጉልቶ የሚያሳይና በውስጡ የማነጣጠሪያ መስመር ያለው የእይታ መሣሪያ ነው። ከሪምፋየር ጠመንጃዎች መካከል በብዛት የሚታወቀው .22 ሎንግ ራይፍል የተባለውን ጥይት የሚተኩሰው ነው። ዒላማው አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 100 ሜትር ባለው ርቀት ላይ ስለሚቆም፣ ለዚህ ጠመንጃ የሚስማማው መነጽር ለረጅም ርቀት ጠመንጃዎች ከሚሠራው ይለያል።

ዋጋው ዝቅተኛ የሆነ መነጽር ሲመረጥ ከማጉላት አቅም ይልቅ ወሳኝ የሚሆኑት ሦስት ነገሮች ናቸው። እነርሱም ፓራላክሱ የተስተካከለበት ርቀት፣ ማስተካከያ ቁልፎቹ በተዞሩት ልክ መንቀሳቀሳቸው፣ እና መነጽሩ ከጠመንጃው ጋር የሚያያዝበት ማያያዣ ጥንካሬ ናቸው።

ሪምፋየር ጥይት

በሪምፋየር ጥይት ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ንጥረ ነገር የሚገኘው በቀለሁ ግርጌ ዙሪያ ባለው ጠርዝ ውስጥ ነው። የጠመንጃው መርፌ ጠርዙን ሲመታው ጥይቱ ይተኮሳል። በትልልቅ ጥይቶች ግን ማቀጣጠያው በቀለሁ ግርጌ መሃል ላይ ስለሚቀመጥ ሴንተርፋየር ይባላሉ።

.22 ሎንግ ራይፍል በ1887 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው የስቲቨንስ ኩባንያ የተሠራ ጥይት ነው። የተለመደው አረር 40 ግሬን ወይም 2.6 ግራም ያህል ይመዝናል። ለዒላማ ውድድር የሚሠራው ዓይነት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሴኮንድ ከ320 እስከ 330 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህም ከድምፅ ፍጥነት ትንሽ ያነሰ ነው።

የጥይቱ ዝግተኛነት በመነጽር ምርጫ ላይ ሁለት ውጤቶች አሉት። አንደኛው፣ አረሩ በጉዞው ላይ ብዙ ይወርዳል። በ50 ሜትር ዒላማውን እንዲመታ የተስተካከለ ጠመንጃ በ100 ሜትር ከታለመበት ነጥብ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይመታል። ስለዚህ ርቀት እየቀያየረ የሚተኩስ ሰው የመነጽሩን ቁልፍ ደጋግሞ ማዞር ይኖርበታል። ሁለተኛው፣ ጠመንጃው ተኳሹን ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል በጣም አነስተኛ ነው። በዚህ ምክንያት በትልቅ ጠመንጃ ላይ ቶሎ ሊበላሽ የሚችል ርካሽ መነጽር በሪምፋየር ላይ ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል። በጠንካራ ሞላ የሚሠራ የአየር ጠመንጃ ግን ወደ ኋላም ወደ ፊትም ስለሚነቀነቅ ለእርሱ ተብሎ የተሠራ መነጽር ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱን እንደ አንድ ማየት ስሕተት ነው።

ታሪክ

ዊሊያም ማልኮም በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በሲራኪዩስ ከተማ በ1855 እ.ኤ.አ. የጠመንጃ መነጽር ማምረት ጀመረ። የዚያ ዘመን መነጽሮች ረጅምና ቀጭን ቱቦ የነበራቸው ሲሆን፣ ዋጋቸው ለተራ ተኳሽ የሚቀመስ አልነበረም። በ1930 እ.ኤ.አ. ዊሊያም ዊቨር 330 የተባለውን አነስተኛ መነጽር ለገበያ ካቀረበ በኋላ ግን መካከለኛ ገቢ ያለው ሰውም መነጽር መግዛት ቻለ። ዊቨር ቆየት ብሎ ፋብሪካውን ቴክሳስ ውስጥ ወዳለችው ኤል ፓሶ አዛወረ። የ330 ቱቦ ስፋት 19 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። ይህን የመሰለ ቀጭን ቱቦ በርካሽ የ.22 መነጽሮች ላይ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት ቆይቷል። ዛሬ የተለመዱት የቱቦ ስፋቶች 25.4 እና 30 ሚሊ ሜትር ናቸው።

በመነጽሩ ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች

በመነጽሩ ላይ ለምሳሌ 4×32 ወይም 3–9×40 ተብሎ ይጻፋል። ከ× በፊት ያለው የማጉላት አቅሙ ሲሆን ከ× በኋላ ያለው የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 4×32 ሁልጊዜ አራት እጥፍ ብቻ ያጎላል። 3–9×40 ደግሞ ከሦስት እስከ ዘጠኝ እጥፍ ሊቀያየር ይችላል።

የፊት ሌንሱ ስፋት ለማጉላት አቅሙ ሲካፈል ከኋላ በኩል ወደ ዓይን የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት ይገኛል። ለ4×32 ይህ 8 ሚሊ ሜትር ነው። 40 ሚሊ ሜትር የፊት ሌንስ ያለው መነጽር በ9 እጥፍ 4.4 ሚሊ ሜትር፣ በ24 እጥፍ ደግሞ 1.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሰጣል። በቀን ብርሃን የሰው ዓይን ብሌን ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚከፈት፣ ከዚያ ያነሰ ክብ ምስሉን ያጨልማል፤ ዓይንን በትክክለኛው ቦታ ማስቀመጥንም አስቸጋሪ ያደርጋል።

ምን ያህል ማጉላት ያስፈልጋል?

ጤናማ ዓይን ሊለየው የሚችለው ትንሹ ነገር በማዕዘን ሲለካ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ይህም የአንድ ዲግሪ አንድ ስድሳኛ ማለት ነው። በ50 ሜትር ርቀት አንድ ደቂቃ 14.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የ.22 ጥይት በወረቀት ላይ የሚተወው ቀዳዳ 5.6 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በንድፈ ሐሳብ በ50 ሜትር ቀዳዳውን ለማየት ሦስት እጥፍ ማጉላት ይበቃል። ነገር ግን የሌንሱ ጥራት፣ የብርሃኑ ሁኔታና የአየሩ መርገብገብ ስለሚቀንሱት በተግባር ከ9 እስከ 12 እጥፍ ምቹ ነው።

ከዚያ በላይ ያለው ማጉላት የራሱ ጉዳት አለው። የሚታየው ሜዳ ይጠብባል፣ ምስሉ ይጨልማል፣ የእጅ መንቀጥቀጥና የልብ ምት ጎልተው ይታያሉ፤ ከሞቀ መሬት የሚነሣው የአየር ሞገድም ዒላማውን ያወዛውዘዋል። ጠመንጃው በጠረጴዛ ላይ ተደግፎ በሚተኮስበት ውድድር ተኳሾች 24 እና 36 እጥፍ የሚያጎሉ መነጽሮችን ይጠቀማሉ። በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጥ 24 እጥፍ ግን ብዙውን ጊዜ የደበዘዘ ምስል ያሳያል። በተመሳሳይ ዋጋ የተገዛ 9 ወይም 12 እጥፍ አብዛኛውን ጊዜ የጠራ ነው።

ፓራላክስ

ፓራላክስ የሚባለው ጠመንጃው ሳይንቀሳቀስ ዓይን ብቻ ከመነጽሩ መሃል ወደ ጎን ሲል፣ የመስቀል መስመሩ በዒላማው ላይ የተንቀሳቀሰ መስሎ የሚታይበት ክስተት ነው። ይህ የሚሆነው የዒላማው ምስል የመስቀል መስመሩ ባለበት ቦታ ላይ በትክክል ሳያርፍ ሲቀር ነው። እያንዳንዱ መነጽር ፓራላክስ የማይኖርበት አንድ ርቀት አለው። ርካሽ በሆኑት ላይ ይህ ርቀት በፋብሪካ ተወስኖ ይወጣል። ለሴንተርፋየር ጠመንጃ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ በ100 ያርድ ወይም 91 ሜትር የተስተካከሉ ናቸው። ለሪምፋየር የሚሠሩት ደግሞ በተለምዶ በ50 ያርድ ወይም 46 ሜትር ይስተካከላሉ።

ዓይን በብርሃኑ ክብ ጠርዝ ላይ ሲሆን የሚፈጠረው ከፍተኛ ስሕተት በሚከተለው ስሌት ይገኛል፦

ስሕተት = (የፊት ሌንስ ስፋት ÷ 2) × (በዒላማው ርቀትና በተስተካከለበት ርቀት መካከል ያለው ልዩነት ÷ የተስተካከለበት ርቀት)

የፊት ሌንሱ 40 ሚሊ ሜትር ለሆነ መነጽር ውጤቱ እንደሚከተለው ነው።

| የዒላማ ርቀት | በ91 ሜትር የተስተካከለ | በ46 ሜትር የተስተካከለ |
|---|---|---|
| 25 ሜትር | 14.5 ሚ.ሜ. | 9.1 ሚ.ሜ. |
| 50 ሜትር | 9.0 ሚ.ሜ. | 1.7 ሚ.ሜ. |
| 75 ሜትር | 3.5 ሚ.ሜ. | 12.6 ሚ.ሜ. |
| 100 ሜትር | 2.0 ሚ.ሜ. | 23.5 ሚ.ሜ. |

የቁጥሮቹን ትርጉም ለመረዳት ከዒላማ ወረቀት ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን የ50 ሜትር ዒላማ ላይ 10 ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ስፋቱ 10.4 ሚሊ ሜትር ነው። የጥይቱ ቀዳዳ የክቡን መስመር ከነካ ነጥቡ ስለሚቆጠር፣ የቀዳዳው መሃል ከዒላማው መሃል እስከ 8 ሚሊ ሜትር ቢርቅ እንኳ 10 ይያዛል። የ9 ሚሊ ሜትር ስሕተት ግን ከዚህ ያልፋል። ይኸውም በ91 ሜትር የተስተካከለ መነጽር፣ ሌላው ነገር ሁሉ ፍጹም ቢሆን እንኳ፣ በዓይን አቀማመጥ ብቻ 10 የነበረውን ተኩስ 9 ሊያደርገው ይችላል። በስሌቱ ውስጥ የማጉላት አቅም አለመግባቱም ልብ ሊባል ይገባል። ትልቅ ማጉላት መግዛት ይህን ከፍተኛ ስሕተት አይቀንሰውም።

ስሕተቱን ለመቀነስ የሚከተሉት መንገዶች አሉ።

- ዒላማው ሁልጊዜ በ50 ሜትር አካባቢ ከሆነ፣ በ46 ሜትር የተስተካከለ የሪምፋየር መነጽር መግዛት በቂና ርካሽ ነው።
- ርቀቱ የሚለያይ ከሆነ፣ ፓራላክሱን በእጅ ማስተካከል የሚቻልበትን መነጽር መምረጥ ይሻላል። ማስተካከያው በፊት ሌንሱ ዙሪያ ያለ ቀለበት ወይም በጎን ያለ ቁልፍ ሊሆን ይችላል። የፊት ቀለበት ያላቸው አብዛኛውን ጊዜ ርካሽ ናቸው። ትንሹ ርቀት 9 ሜትር የሆነውም 50 ሜትር የሆነውም ስለሚገኝ ከመግዛት በፊት ማየት ያስፈልጋል።
- ምንም ወጪ የማይጠይቀው መንገድ ጉንጭን በሰደፉ ላይ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ማሳረፍ ነው። ዓይን በመሃል ሲሆን በምስሉ ዙሪያ ያለው ጥቁር ጥላ በሁሉም ጎን እኩል ሆኖ ይታያል።

አንዳንድ ሰዎች የፊት ሌንሱን ፈትተው በማዞር ቋሚውን ርቀት ይለውጣሉ። ይህ የሚሠራ ቢሆንም፣ እርጥበት እንዳይገባ የተሞላው ናይትሮጅን ሊወጣ፣ ዋስትናውም ሊሰረዝ ይችላል።

ማስተካከያ ቁልፎች

በመነጽሩ ላይ ሁለት ቁልፎች አሉ። የላይኛው አረሩ የሚያርፍበትን ቦታ ወደ ላይና ወደ ታች፣ የጎኑ ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያንቀሳቅሳል። እያንዳንዱ ጠቅታ የተወሰነ ማዕዘን ነው። በጣም የተለመደው ሩብ ደቂቃ ሲሆን፣ በ50 ሜትር 3.6 ሚሊ ሜትር፣ በ100 ሜትር 7.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በሚሊራዲያን የሚሠሩት በአንድ ጠቅታ 0.1 ሚሊራዲያን ይንቀሳቀሳሉ፤ ይህም በ50 ሜትር 5 ሚሊ ሜትር፣ በ100 ሜትር 10 ሚሊ ሜትር ነው። ከላይ የተጠቀሰውን የ20 ሴንቲ ሜትር መውረድ ለማካካስ በሩብ ደቂቃ ቁልፍ 28 ጠቅታ ገደማ ያስፈልጋል።

በርካሽ መነጽሮች ላይ በብዛት የሚታየው ጉድለት እዚህ ላይ ነው። ቁልፉ 28 ጊዜ ጠቅ ሲል የውስጡ ቱቦ 25 ወይም 31 ያህል ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ ተመልሶ ሲዞርም ወደ ነበረበት ላይመለስ ይችላል። የውስጡን ቱቦ የሚገፋው ሞላ ስለሆነ፣ ቁልፉ ወደ መጨረሻው ጫፍ በተጠጋ ቁጥር ስሕተቱ ሊጨምር ይችላል። በአንድ ርቀት ብቻ ለሚተኩስ ሰው ይህ ብዙ አያሳስብም፤ አንድ ጊዜ አስተካክሎ መተው ይበቃልና። ርቀት ለሚቀያይር ግን ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

የመስቀል መስመር

ለወረቀት ዒላማ ቀጭን መስቀል፣ ወይም መሃሉ ላይ ትንሽ ነጥብ ያለው መስቀል ይመረጣል። ለአደን የተሠራ ወፍራም መስቀል የዒላማውን መሃል ይሸፍናል። በመስመሩ ላይ ደረጃ በደረጃ ምልክቶች ካሉ፣ ቁልፍ ሳይዞር በምልክቶቹ ዝቅታውን ማካካስ ይቻላል። ነገር ግን ማጉላታቸው በሚቀያየር በአብዛኞቹ ርካሽ መነጽሮች ላይ መስመሩ ያለው በሁለተኛው የትኩረት ገጽ ስለሆነ፣ የምልክቶቹ ልኬት ትክክል የሚሆነው በአንድ የማጉላት ደረጃ ብቻ ነው፤ ያም አብዛኛውን ጊዜ ከፍተኛው ነው። በባትሪ የሚበራ መስመር በቀን ለሚተኮስ የወረቀት ዒላማ እምብዛም ጥቅም የለውም።

ማያያዣ

ብዙ የ.22 ጠመንጃዎች በላያቸው ላይ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቦይ ተቆርጦላቸዋል። የቼኩ ሲዜድ ኩባንያ ጠመንጃዎች ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ሌሎች፣ ለምሳሌ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረተው ሩገር 10/22፣ በብሎን የሚታሰር ሐዲድ ይቀበላሉ። የዊቨርና የፒካቲኒ ሐዲዶች 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ስላላቸው፣ የ11 ሚሊ ሜትር ቀለበት በእነርሱ ላይ አይገጥምም። ስለዚህ ቀለበት ከመግዛት በፊት የጠመንጃውን ዓይነትና የመነጽሩን የቱቦ ስፋት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ቀለበቱ፣ የፊት ሌንሱ አፈሙዙን እስካልነካና መቀርቀሪያው እስካልተደናቀፈ ድረስ፣ ዝቅ ያለ ቢሆን ይመረጣል። መነጽሩ ከፍ ካለ ጉንጭ ከሰደፉ ይነሣል፤ የዓይን ቦታ ይለዋወጣል፤ የፓራላክስ ስሕተትም ይጨምራል። ሲገጠም ቦዩና ቀለበቱ ከዘይት ይጸዳሉ፤ ብሎኖቹም ተራ በተራና በእኩል መጠን ይጠብቃሉ። ከመጠን በላይ ማጥበቅ ቱቦውን ይጨፈልቃል።

የመስቀሉ ቋሚ መስመር ቀጥ ማለት አለበት። ለዚህም ራቅ ብሎ የተንጠለጠለ ቱንቢ በቂ ነው። ጠመንጃው በውሃ ልክ ተስተካክሎ ከተቀመጠ በኋላ፣ መስመሩ ከቱንቢው ክር ጋር እስኪገጥም መነጽሩ ይዞራል። መስመሩ በ5 ዲግሪ ቢያዘነብል፣ በ100 ሜትር 20 ሴንቲ ሜትር ሲነሣ አረሩ 17 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ይሄዳል።

ዋጋ

በአሜሪካ ገበያ ቀላል የሆኑት የሪምፋየር 4×32 እና 3–9×32 መነጽሮች ብዙውን ጊዜ ከ100 ዶላር በታች ይሸጣሉ። ፓራላክሳቸው የሚስተካከል መነጽሮች በአብዛኛው ከ100 እስከ 250 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛሉ። ለሪምፋየር ተብለው ከተሠሩት መካከል ፓራላክሱ በ50 ያርድ የተወሰነው የቮርቴክስ ክሮስፋየር 2፣ 2–7×32 ይገኝበታል። ሉፖልድ ደግሞ የሪምፋየር መነጽሮቹን በ60 ያርድ ወይም 55 ሜትር ያስተካክላል። ኒኮን የጠመንጃ መነጽር ማምረቱን ስላቆመ የእርሱ የሪምፋየር መነጽሮች የሚገኙት አገልግለው ነው።

ገንዘቡ ውስን ሲሆን በጀቱን ሁሉ በመነጽሩ ላይ ማዋል አይመከርም። ደካማ ቀለበት ጥሩውን መነጽር ዋጋ ያሳጣዋል። እንዲሁም አንድ የ.22 ጠመንጃ ከአንዱ የጥይት ዓይነት ጋር በጣም ተስማምቶ ከሌላው ጋር ላይስማማ ይችላል። ስለዚህ የተወሰነ ገንዘብ አስቀርቶ የተለያዩ ጥይቶችን መሞከር፣ የማጉላት አቅምን ከመጨመር ይልቅ ውጤትን ያሻሽላል።

የመነጽር ፍተሻ

*የፓራላክስ ፍተሻ፦* ጥይት እንደሌለበት የተረጋገጠ ጠመንጃ በአሸዋ ከረጢት ላይ ይቀመጥና ወደ ዒላማው ይቀናል። ጠመንጃው ሳይነካ ጭንቅላት ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን ይንቀሳቀሳል። መስመሩ በዒላማው ላይ ከቆመ ለዚያ ርቀት ትክክል ነው።

*የሳጥን ፍተሻ፦* ሁልጊዜ ወደ አንድ ነጥብ እያነጣጠሩ አምስት ጥይት ይተኮሳል። ከዚያ 20 ጠቅታ ወደ ቀኝ፣ 20 ወደ ላይ፣ 20 ወደ ግራ፣ 20 ወደ ታች እየተዞረ በየመካከሉ አምስት አምስት ይተኮሳል። የመጨረሻው ቡድን በመጀመሪያው ላይ ካረፈ ቁልፎቹ ይመለሳሉ ማለት ነው። በ50 ሜትር በሩብ ደቂቃ ቁልፍ የሳጥኑ ጎን 73 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት።

*ያገለገለ መነጽር ሲገዛ፦* ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ ወይም ጉም አለመኖሩ፣ ሲነቀነቅ የሚንኳኳ ነገር አለመሰማቱ፣ ቱቦው ላይ የመጨፍለቅ ምልክት አለመኖሩ፣ እና ቁልፎቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ መዞራቸው ይታያል። የታወቀ ስም ይዞ በማይታመን ዋጋ የሚሸጥ አዲስ መነጽር አስመሳይ ሊሆን ይችላል።

የውድድር ደንቦች

መነጽር በሁሉም ውድድር አይፈቀድም። በኦሎምፒክና በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የ50 ሜትር ጠመንጃ ውድድር የሚያጎላ መነጽር የተከለከለ ሲሆን፣ ተኳሾች በቀዳዳ የማነጣጠሪያ ብረት ይጠቀማሉ። በጠረጴዛ ላይ ተደግፎ በሚካሄደው የቤንችረስት ውድድር፣ እንዲሁም ከብረት የተቆረጡ የእንስሳት ምስሎች በሚመቱበት ውድድር ግን መነጽር ይፈቀዳል። በምስል ውድድሩ ዶሮ በ40፣ አሳማ በ60፣ ተርኪ በ77፣ በግ በ100 ሜትር ስለሚቆሙ ፓራላክሱ የሚስተካከል መነጽርና አስተማማኝ ቁልፍ ያስፈልጋል። ኤንአርኤል22 የተባለው የአሜሪካ ውድድር ደግሞ የጠመንጃውና የመነጽሩ ድምር ዋጋ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ የሚገደብበት ምድብ አለው። አንዳንድ ምድቦች የማጉላት አቅምንም ስለሚገድቡ ደንቡን አንብቦ መግዛት ይመረጣል።

ጥንቃቄና ሕግ

መነጽር ሲገጠምም ሆነ ሲፈተሽ ጠመንጃው ጥይት እንደሌለበት መረጋገጥ አለበት። ራቅ ያለ ነገርን ለማየት ብቻ የጠመንጃ መነጽርን መጠቀም አፈሙዙን ወደ ሰው ማቅናት ስለሚሆን አደገኛ ነው፤ ለዚያ የእጅ መነጽር አለ። .22 ጥይት ትንሽ ቢሆንም ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ስለሚችል የሚተኮሰው ከኋላው ጥይት የሚያስቀር ግድብ ባለበት ሜዳ ነው።

ጠመንጃ ስለመያዝ ያለው ሕግ ከአገር አገር ይለያያል። በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ ያስቀጣል።